የእናቱ መውጫ ወረቀት

«ያችኛዋን እኮ በባዶ እጇ ነው የሚያሰናብቷት፤ ጠያቂ የሌላት ሳትሆን አትቀርም» አለች አንዷ ሴት ለሌላዋ፣ የሆስፒታሉን ደረጃ እየወረደች። ሶፋ ሠሪው በዚያው ደረጃ እየወጣ ነበር። ግድግዳውን ተጠግቶ አሳለፋቸውና «ያችኛዋ» ማን እንደሆነች ሊጠይቅ አስቦ ተወው። የሴቶቹን ክፍል በር ሲከፍት ግን ጥያቄ የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም። በመስኮቱ በኩል የተኛችው ወፍራም ሴትዮ ለመውጣት ተዘጋጅታ ተቀምጣለች፤ ባሏ መድኃኒት የሞላበት ከረጢት ታቅፏል፤ ነርሷም ይኼኛው ጠዋትና ማታ፣ ያኛው ከምግብ በኋላ እያለች አንድ በአንድ ታስረዳቸዋለች። ከጎኗ ባለው አልጋ ጠርዝ ላይ የሱ እናት ሹራቧን ለብሳ፣ ጫማዋን ተጫምታ፣ ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። በእጇ ምንም የለም።

የሴቶቹ ንግግር የከነከነው እውነትነት ስላለው ነው። እናቱ የሐሞት ጠጠሯን በቀዶ ጥገና ለማስወጣት ከተኛች አራት ቀኗ ሲሆን እሱ አንድም ቀን ብቅ አላለም። የአንድ ሆቴል የእንግዳ መቀበያ ወንበሮችን አልብሶ ማስረከብ ነበረበት፤ ዛሬ ነገ ሲል ቀኑ አለቀ። በየማታው ለእህቱ «እንዴት ዋለች?» ብሎ በስልክ ይጽፍላታል፤ እህቱም «ደህና» ብላ ትመልስለታለች። ዛሬ ታክሲ ይዞ መጥቶ፣ እንደ ትልቅ ልጅ እናቱን ደግፎ ሊያወርድ ሲል ይኼ ጠበቀው። ነርሷ ከወፍራሟ ሴትዮ ተመልሳ መጣችና የመውጫ ወረቀቱን ዘረጋች። ከእናታቸው አጠገብ የቆመችው እህቱ ልትቀበል እጇን ሰድዳ ነበር፤ ነርሷ ግን «ትልቁ ልጃቸው እርስዎ ነዎት?» ብላ ወረቀቱን በእህቱ አናት ላይ አሳልፋ ለሱ ሰጠችው፤ ሁሉም ነገር እዚያ ላይ ተጽፏል ብላ ወደ ሌላ አልጋ ሮጠች። ግማሹን ገለጥ አድርጎ አየው። «በቤት የሚወሰድ መድኃኒት» ከሚለው ፊት ለፊት አንዲት አጭር መስመር ብቻ ተሰምራለች፤ ምንም የለም ማለት ነው። መስመሯ ደሙን አፈላችው። ሌላውን ሳያነብ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ የአናጢ እርሳሱ ካለበት የሸሚዝ ኪሱ ከተተው።

ታክሲው ውስጥ እናቱ፣ መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ሆዷን በመዳፏ እየደገፈች፣ «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ሐሞት የሌላት ሴት ሆኛለሁ፤ አደራ እንዳታስደነግጡኝ» ስትል ሾፌሩ ከልቡ ሳቀ። ልጆቿ አልሳቁም። በእሱና በእህቱ መሀል ይኼ ነው የሚባል ጸብ የለም፤ ሁለት ዓመት ያህል ግን ቃላቸው እየተቆጠረ ነው የሚወጣው። እሷ ከእናቷ ጋር ትኖራለች፤ ላውንደሪ ቤት ልብስ ትተኩሳለች። እሱ በየወሩ የቤት ኪራዩን ይልካል። ይኼ ክፍፍል ማንም ሳይነጋገርበት የተደረገ ነው። እናታቸውን ሁለተኛ ፎቅ አውጥተው ካስተኟት በኋላ እህቱን ኮሪደሩ ላይ ጠብቆ ያዛት።

«ለጎረቤቷ ከረጢት ሙሉ መድኃኒት ሲሰጧት አንቺ ቆመሽ ታያለሽ?»

«ወረቀቱን አንብበው፣ ወንድም ጋሼ።»

«ወረቀት አይዋጥም።»

እህቱ ወደ ውስጥ ገባች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥራ እንደምትገባና እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ እሱ እንዲተካት ከበሩ ወዲያ ሆና ነገረችው።

ሱቁ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከብየዳ ቤትና ከፀጉር አስተካካይ መሀል ነው። ሰፈርተኛው ሶፋ ሠሪውን «ስፖንጅ» ይለዋል፤ ሥራው ስፖንጅ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ሲጫኑት ጎድጉዶ ሲለቁት መልሶ ስለሚነፋ ነው ይላሉ። ሲደርስ ደንበኛው የሆኑት፣ ጡረታ የወጡት ርእሰ መምህርት በር ላይ ቆመው እየጠበቁት ነበር። የአባታቸውን ባለ ክንድ ወንበር ምስጥ አንድ እግሩን በልቶት ነው ያመጡት። ሶፋ ሠሪው የተበላውን ቆርጦ በአዲስ እንጨት ተክቷል፤ ከዚያም አጽሙን በሙሉ የምስጥ መድኃኒት በብሩሽ ቀብቶ፣ በደንብ እንዲጠጣ ሁለት ቀን ጥግ አቁሞታል። በዚህ ሥራው አይታማም። መድኃኒቱ የሚቀባው እንጨቱ ራቁቱን ሳለ ነው፤ ስፖንጅና ጨርቅ ከለበሰ በኋላ ላዩ ላይ በባልዲ ቢደፉበት ትርፉ ጨርቅ ማበላሸት ነው። ርእሰ መምህርቷ ግን በዓይናቸው ያላዩትን ነገር የማያምኑ ሰው ናቸው። ሲቀባ አላየሁም አሉ። እንጨቱን ደጋግመው አሸተቱና መድኃኒት መድኃኒት አይልም አሉ። እንዲህ የሚለው ደንበኛ ብዙ ነው፤ ለዚሁ ሲል ሽታ ያለው ውኃ የሞላ መርጫ መደርደሪያው ላይ ያስቀምጣል። አወረደና ወንበሩን ከላይ እስከ ታች ፊስ ፊስ አደረገው። ሴትየዋ አየሩን ሳብ አድርገው «እንዲህ ነው እንጂ፤ አሁን ልቤ አረፈ» አሉ። እሱም ሳቁን ዋጥ አድርጎ ሜትሩን አነሳ። የሚጽፍበት ሲያጣ ከኪሱ የታጠፈውን ወረቀት አወጣና ባዶ በሆነው ጀርባው ላይ በእርሳሱ ጻፈ፤ መቀመጫ 62፣ መደገፊያ 85፣ ክንድ 48። ርእሰ መምህርቷ ከሰዓት በኋላ ጨርቅ ሊገዙ ስለሚወጡ፣ ስንት ሜትር እንደሚበቃ ከሱቁ ሆነው ሊደውሉለት ተስማሙ።

እሳቸው እንደሄዱ በሩን ቆልፎ መድኃኒት ፍለጋ ወጣ። የመጀመሪያው መድኃኒት ቤት ትልቅ፣ መስታወቱ የሚያብለጨልጭ ነበር፤ የተቀበለችው ፋርማሲስት መነጽር ያደረገች ወጣት ናት። የእናቱን ነገር ነግሮ ለቁስሉ የሚሆን አሞክሳሲሊን ጠየቃት፤ ስለ ጎረቤቷ ከረጢትም፣ ስለ አጭሯ መስመርም ነገራት። ልጅቷ አላቋረጠችውም። ትኩሳት አላቸው ወይ፣ ቁስሉ ቀልቷል ወይ፣ መግል ይዟል ወይ ብላ ጠየቀች። የለም አላት። ቀጠለችና የማይስማማቸው መድኃኒት አለ ወይ አለች። «የለም» አለ። ለሰከንድ እንኳ አላሰበበትም። እናቱ የሚስማማትንና የማይስማማትን የሚያውቅ ልጅ መምሰል ፈልጎ ነው እንጂ አያውቅም። ፋርማሲስቷም ሐኪም ያላዘዘውን ፀረ ተህዋስያን መሸጥ እንደማትችል፣ የሆስፒታሉን ወረቀት ቢያመጣ ግን አብረው እንደሚያዩት በትሕትና ነገረችው። ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ነበር። ያችን መስመር አውጥቶ ለሰው ማሳየት ግን ልመና መሰለው፤ እሺ ብሎ ወጣ። ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ያለው ሁለተኛው መድኃኒት ቤት ጠባብ ነበር። ሻጩ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሀል ወትፎ ከሌላ ሰው ጋር እያወራ፣ «አሞክሳሲሊን? የአዋቂ?» ብቻ አለና ፓኬቱን በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ ሰጠው። ሶፋ ሠሪው መልሱን እንኳ ሳይቆጥር ወጣ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲደርስ እህቱ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ እየጠበቀችው ነበር። ፌስታሉን ጃኬቱ ውስጥ ሸሸገው። ስትመለስ ሠርቶ ሊያሳያት ነው፤ እንዲህ ነው እናትን መያዝ ሊላት ነው። እሷ ሾርባው ድስት ውስጥ እንዳለ፣ ውኃው ፈልቶ ፔርሙስ ውስጥ እንደተቀመጠና እናታቸው ሌላ ውኃ እንዳትጠጣ ነገረችው። የፈላ ውኃ፣ የታጠበ ብርጭቆ፣ የተተኮሰ አንሶላ፤ በዚህ ቤት ሁሉም ነገር በሙቀት ያልፋል ብሎ በሆዱ አሾፈ። ክፍሉን ካየው ቆይቷል። የአልጋው ልብስ ያለ አንዲት እጥፋት ተዘርግቷል። ከራስጌው ያለችው ጠረጴዛ ላይ ብርጭቆዎች፣ ፎጣ፣ ቴርሞሜትርና በእህቱ ጽሑፍ የጠዋትና የማታ ሙቀት የተመዘገበበት ደብተር አሉ። እሱ በአንድ ወቅት ሠርቶ ያመጣው ባለ ስፖንጅ ወንበር ጥግ ላይ ቆሟል፤ የተደራረበ ብርድ ልብስ ተጭኖበታል፤ ማንም አይቀመጥበትም።

እናቱ ቀና ብላ ትራሱን ተደገፈች። ፓኬቱን አውጥቶ አንዷን እንክብል መዳፏ ላይ ሲያኖርላት አገላብጣ አየቻት።

«ሐኪሙ እኮ የሚበቃሽን ሰጥተንሻል ብሎኛል» አለች።

ሐኪም ይኼን የሚለው ጠያቂ ለሌለው ሰው እንደሆነ፣ ጠያቂ ያለው ከረጢት ይዞ እንደሚወጣ አስረዳት። ድምፁ ከፈለገው በላይ ጮክ ብሎ ወጣ። እናቱ ፊቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

«ያኔ መርፌ ወግተውኝ ፊቴ እንዲህ ተነፍቶ አልነበር? እሱ እንዳይሆን ብቻ።»

«ያ መርፌ ነው፣ እማዬ። ይኼ ኪኒን ነው።»

«አይ የኔ ነገር» ብላ በራሷ ሳቀች። ስለ ፊቷ ማበጥ ወሬው በጨረፍታ ደርሶት ነበር፤ የጥርስ ነገር ነው ብሎ ትቶታል። እሷም አልተከራከረችም። ልጇ የጎደለበትን ነገር ለመሙላት እንደመጣ ገብቷት ነበርና እንክብሏን ጨበጥ አደረገቻት፤ ለዚህ ብላ ከዚህ የባሰም ትውጥ ነበር። እሱ ከፔርሙሱ ውኃ ቀዳ። ውኃው ይፋጃል። ከአንዱ ብርጭቆ ወደ ሌላው እየገለበጠ ሊያበርደው ሲል ስልኩ ጮኸ። ርእሰ መምህርቷ ናቸው፤ ጨርቅ ቤት ቆመዋል፣ ሻጩ መቀሱን ይዞ እየጠበቀ ነው። ብርጭቆውን ለእናቱ ሰጥቶ፣ ስልኩን በትከሻው ይዞ፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

«መቀመጫው ስልሳ ሁለት፣ መደገፊያው ሰማንያ አምስት፣ ክንዱ…»

ከአርባ ስምንቷ ሥር ከዚያኛው ገጽ ዘልቆ የወጣ ቀይ ቀለም አለ። እሱ በቀይ አይጽፍም። ወረቀቱን ገለበጠው። ከአጭሯ መስመር በታች፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት እንዲህ ይላል፤ «ፔኒሲሊንና የፔኒሲሊን ዘር የሆነ መድኃኒት፣ አሞክሳሲሊንም ቢሆን፣ ፈጽሞ አይሰጣቸው። ከዚህ በፊት ፊትና ጉሮሯቸው አብጧል።» ከስልኩ ውስጥ «ሃሎ? አለህ?» የሚል ድምፅ ይሰማል። ቀና ሲል የእናቱ መዳፍ ባዶ ነው። መጠበቅ ሰልችቷት እንክብሏን አፏ ውስጥ አድርጋ፣ ብርጭቆውን ከንፈሯ ላይ አስጠግታ ትተነፍስበታለች፤ አሁንም እየፈጃት።

«ትፊው፣ እማዬ። ትፊው።»

ስልኩ ወደቀ። መዳፉን ከአገጯ ሥር ዘረጋ። ልጅ ሆኖ ከመሬት ያነሳውን ሁሉ ወደ አፉ ሲሰድ እሷ ነበረች እንዲህ መዳፏን የምትዘረጋለት። እናቱ ግራ ገብቷት አየችው፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ እንክብሏን መዳፉ ላይ ተፋችለት። ርሳ ጫፏ ላላ ብሏል፤ አልተከፈተችም። አፏን አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ አስጉመጠመጣት። ስልኩን ከወለሉ አንስቶ ወረቀቱ ላይ ወዳለው የሆስፒታሉ ቁጥር ደወለ። ያነሳችው ነርስ እንክብሏ ካልተዋጠች እናቱ ምናልባት ምንም እንደማይሆኑ፣ ቢሆንም ከንፈራቸውንና ትንፋሻቸውን እየተከታተለ እንዲቆይ፣ እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ካየ ግን አንድ ደቂቃ ሳያባክን ይዟቸው እንዲመጣ ነገረችው።

ብርድ ልብሶቹን አንስቶ የራሱን ወንበር ከአልጋው አጠገብ ሳበና ተቀመጠ። ከተሠራ ጀምሮ እሱም ተቀምጦበት አያውቅም፤ ትንሽ ይጠነክራል። የእናቱን ከንፈር ከዚህ በፊት እንዲህ አተኩሮ አይቶት አያውቅም። በግራ በኩል ያለችው ትንሽ ጠባሳ ከመቼ ጀምሮ እንዳለች አያውቅም። እሷ ምን እንደሆነ ስትጠይቀው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላት። ቁስል እንዳያመረቅዝ የሚሰጠው የመከላከያ መድኃኒት ከጠዋቱ 2፡40 በአንድ መጠን ተሰጥቷል፤ ቀዶ ጥገናው 3፡15 ተጀምሯል፤ ቁስሉ ንጹሕ ነው፤ በቤት መቀጠል አያስፈልግም፤ ትኩሳት፣ መቅላት ወይም መግል ከታየ ይመለሱ። ሰዓቶቹን መልሶ አነበባቸው። መድኃኒቱ ቢላዋው ከመንካቱ በፊት ሰውነቷ ውስጥ ገብቶ ነበር። እንጨቱ ራቁቱን ሳለ ተቀብቷል። እሱ ደግሞ ከለበሰ በኋላ ሊረጭ መርጫ ይዞ መጣ፤ ያውም መርዝ የሞላ መርጫ።

«ያቺ ጎረቤትሽስ?» አለ።

«ምስኪን! ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ፣ መግል ሆዷን ሞልቶት አይደል እንዴ የመጣች። ስንቱን ቀን ስትቃትት ነበር። እሷ ትውሰድ እንጂ ማን ይውሰድ?»

በምን እንዳወቀች ጠየቃት።

«አራት ቀን ጎን ለጎን ተኝተን!» አለችው። ልትነካው ብላ አይደለም፤ እሱ ግን ዓይኑን ወለሉ ላይ ጣለ።

ርእሰ መምህርቷ ተቆጥተው መልሰው ደወሉ። አራት ሜትር ይበቃል አላቸው። ወንበሩ ጨርቅ ከለበሰ በኋላም አንድ ጊዜ እንዲረጭላቸው ሲጠይቁት፣ ያ የረጨው ሽታ ያለው ውኃ እንደሆነ፣ እውነተኛው መድኃኒት ከሁለት ቀን በፊት እንጨቱ ውስጥ እንደገባ ነገራቸው። ታዲያ ለምን ረጨህ አሉት። «ልብዎ እንዲያርፍ» አለና ፓኬቱን አየ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ደረጃው ላይ የእህቱ ጫማ ድምፅ ተሰማ። እናቱ ፓኬቱን በዓይኗ እያሳየች፣ ምንም አልሆንኩ፣ ለሷ ምን ያስነግርሃል፣ ኪስህ ክተተው አለችው። ኪሱ ከቶት ነበር። እህቱ ገብታ ቦርሳዋን ስታወርድ ግን አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ ወረቀቱን ከጎኑ ዘረጋ።

«ልገድላት ነበር» አላት።

እህቱ ፓኬቱ ላይ ያለውን ስም አነበበች። ብትጮህበት ይሻለው ነበር። ወደ አልጋው ሄዳ የእናቷን አገጭ ያዝ አድርጋ ከንፈሯን፣ ምላሷን፣ የዓይኗን ሽፋን አየች። ዋጥሽው ወይ አለቻት። «አልዋጥኩም፤ ያ የምትጨቃጨቂበት የፈላ ውኃ አዳነኝ» አለች እናቷ። ያን ጊዜ እህቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እናትየው የቀዶ ጥገናውን ጠዋት ማውራት ጀመረች። ይቺ ልጅ እኮ አለች፣ እናቴን ፔኒሲሊን አይስማማትም እያለች ያልነገረችው ሰው የለም። ለነርሷ ነገረች፣ ለሐኪሙ ነገረች፣ ወለል ለሚያጸዳው ነገረች። አልጋውን የሚገፋው ሰውዬ «ሰምተናል እኮ፣ እህቴ» እስኪላት ድረስ አብራ እየሮጠች ነገረች። እስክሪብቶውም የሷ ነው፤ ነርሷ በሰማያዊ ስትጽፈው አይታይም ብላ ቀዩን ከቦርሳዋ አውጥታ የሰጠቻት እሷ ነች።

ሶፋ ሠሪው ቆመሽ ታያለሽ ያላትን አስታወሰ።

«ያኔ ፊቷ ያበጠ ቀን ሦስት ጊዜ ደውዬልሃለሁ» አለች እህቱ፣ ወደሱ ሳታይ። «አብሮኝ የሚሸከማት ሰው አጥቼ።»

ጥሪውን አልረሳውም። የአንድ ሲኒማ ቤት መቀመጫዎች እየገጠመ ነበር። ስልኩ ሰጋቱራው ላይ ሲጮህ ስሟን አይቶ በፊቱ ደፍቶታል። ማታ ላይ «ምን ፈልገሽ ነው?» ብሎ ጻፈላት፤ «አልፏል» አለችው። ቃላቸው እየተቆጠረ የሚወጣው ከዚያች ቀን ጀምሮ ነበር፤ እሱ ዛሬ ነው የገባው። ይቅር በዪኝ ሊላት አፉን ሲከፍት ሌላ ነገር ወጣው።

«ከእንግዲህ ብትደውዪ አነሳለሁ።»

እህቱ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ማጠቢያው ሄደች። እናቱን ግንባሯን ስሞ፣ ፓኬቱን ይዞ ወረደ። መንገዱ ከሥራ በሚመለስ ሰው ተሞልቷል። ሃያ እርምጃ እንኳ አልሄደም፤ ስልኩ ጮኸ። የእህቱን ስም ሲያይ ሁለተኛው ጥሪ ሳይሰማ አነሳው።

«ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነች። ደህና ናት። ልሞክርህ ብዬ ነው።»

ዞሮ ወደ ሁለተኛው ፎቅ ቀና አለ። መስኮቱ ላይ ቆማለች፤ ፊቷ አይለይም። ሁለቱም ስልኩን አልዘጉም። እሷ ስልኩን የሆነ ቦታ አስቀምጣ ዕቃ ማጠብ ጀመረች፤ እሱም ብርጭቆዎቹ ሲነካኩ እየሰማ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሄደ።